አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ሊዲያ ንጉሴ ሰው አታምንም። ይህን የምለው እሷን ለማማት አይደለም፤ ብትሰማም አትቀየምም። እናቷ ራሳቸው «ይቺ ልጅ ጡት እንኳ አሽትታ ነው የጠባችው» ይላሉ። ወልድያ ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች። የቢሮዋን መሳቢያ ቆልፋ ትስባለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ደግሞ ትስባለች። ከወንበሯ ጀርባ ግድግዳው ላይ በራሷ እጅ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ጽፋ ለጥፋለች። ተማሪዎቿ ነገሩ ስለ ፈተና ኩረጃ ይመስላቸዋል። እሷ ግን ቤቷንም ሥራዋንም የምትመራበት ሕግ ነው።

እንግዲህ ኅዳር ላይ አንድ ኢሜይል ሲደርሳት ምን እንደተሰማት መገመት አያቅትም። የአንድ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አጥቢ እንስሳትና ስለ ገበሬ ማሳ ልዩ ዕትም ሊያወጡ ነው። የመርሳን ጦጣዎች እያጠናች መሆኗን ሰምተዋል፤ ጽሑፏን ብትልክላቸው ደስ ይላቸዋል። ሊዲያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከማን ሰሙ? አጭበርባሪ መጽሔቶች ደብዳቤ ሲልኩ «ክብርት ፕሮፌሰር» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እነዚህ ግን «ውድ ሊዲያ» ብቻ ብለዋታል። ይህ ደግሞ ይብስ አሳሰባት። አንድ ሳምንት ሙሉ የአዘጋጆቹን ስም፣ የሚሠሩበትን ቦታና ያሳተሙትን ሁሉ ስታጣራ ከረመች። ለአንደኛው መልሱን የምታውቀውን ጥያቄ ጽፋ ላከችለት፤ በትክክል መለሰ። መጽሔቱ የእውነት ነበር።

ስሟን የሰጣቸው አጠገቧ የሚቀመጠው ዮናስ መሆኑንም ደረሰችበት። አንድ ጉባኤ ላይ ከአዘጋጆቹ አንዷን አግኝቷት ነበር።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ምንም። ጦጣዎችሽን ስለማውቅ ነው» አለና ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። አላመነችውም።

ግን ዕድሉ የሚገፋ አልነበረም። ለዶክትሬት ሊቀበላት የተስማማ አስተማሪ አግኝታለች፤ እሱም እስከ ሰኔ ድረስ በሁነኛ መጽሔት ተቀባይነት ያገኘ አንድ ጽሑፍ አሳዪኝ ብሏታል። መደበኛው ዕትም ዓመት ያስጠብቃል። ልዩ ዕትም ግን የተቆረጠ ቀን አለው፤ ከደረስሽ ደረስሽ፣ ካልደረስሽ በሩ ይዘጋል። የመጀመሪያ ጥናቷን ጦርነቱ ከነኮምፒውተሩ ወስዶባታል። ይህ ሁለተኛዋ ነው፤ ሦስተኛ ለመጀመር አቅሙም ልቡም የላትም።

ጥናቱ የተሠራው ከመርሳ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ባሉ ሁለት የፍራፍሬ እርሻዎች ነው። አንዱ የጋሽ መልካሙ፣ ሌላው የጋሽ ኢስሐቅ ነው፤ መካከላቸው የቅንጭብ አጥር አለ። ሁለቱም ብርቱካንና ማንጎ ያለማሉ፤ ሁለቱም በጦጣ ይማረራሉ። ጦጣ ፍሬ አትበላም፤ ትቀምሳለች። አንዱን ነክሳ ትጥላለች፣ ሌላውን ነክሳ ትጥላለች፤ ሦስተኛውንም አትምረውም። የወደቀውን ንክሽ በየቀኑ እየዞረ የሚቆጥረው ሚስባህ ነበር። ሚስባህ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ድሮ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሀብሩ ወረዳን በእግሩ ያዳረሰ፣ የሦስት ልጆች አባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሩን እየሞላ ገጹን በስልኩ እያነሳ ለሊዲያ ልኮላታል፤ እሷም ኮምፒውተር ላይ ገልብጣዋለች። በሁለተኛው ዓመት ጉዳቱ በእጥፍ ጨመረ። ሊዲያም ምክንያቱ ተራራው ላይ ያለው ደን መመንጠሩ ነው ብላ ጻፈች። መጠይቅም ነበራት፣ ሃያ ሁለት ጥያቄ ያለው። በተለይ በአሥራ አራተኛው ትኮራበት ነበር፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጥር ላይ ላከችው። መጋቢት መጨረሻ ላይ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት ስማቸው ተሰውሮ መጣ። የመጀመሪያው አመስግኗታል። «ምን ፈልጎ ነው?» አለችና አለፈችው። የሁለተኛውን ግን ደግማ አነበበችው።

«የሁለተኛው ዓመት ቁጥሮች ከልክ በላይ የተስተካከሉ ናቸው» ይላል። «በአንደኛው እርሻ ጉዳቱ በየወሩ በሃያኛው ቀን አካባቢና ወደ ወሩ መጨረሻ ይንራል፤ በሌላው እርሻ ደግሞ በየሰባት ቀኑ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ፈጽሞ አይታይም። እንስሳት የቀን መቁጠሪያ አያነቡም። ቁጥሮቹ የሰው ፈጠራ አለመሆናቸውን ደራሲዋ ታስረዳ።»

ከታች አዘጋጆቹ ሃያ አንድ ቀን ሰጥተዋታል። ከዚያ በኋላ ልዩ ዕትሙ ያለ እሷ ይዘጋል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዮናስን ነበር፤ ገምጋሚው እሱ ይሆን? ሁለት ቀን አነጋገሩን ስታዳምጥ ዋለች። ከዚያ ግን ሰንጠረዡን ከፍታ ቀኖቹን አንድ በአንድ አየች፤ ገምጋሚው አልተሳሳተም። የጋሽ ኢስሐቅ እርሻ ቁጥር የሚንረው ዓርብ ዓርብ ነው። ዓርብ! ሚስባህ ዓርብ ቀን ጁምዓ ላይ ነው፤ ምን አይቶ ጻፈው? በጋሽ መልካሙ በኩል ያለው ደግሞ በፈረንጆቹ ወር ወደ መጨረሻው ነው፤ እሷ በየወሩ ለጉብኝት ወደ መርሳ ከምትወርድበት ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ። አሃ፣ አለች በልቧ። ቤቱ ተቀምጦ ልትመጣ ስትል ነው የሚያሟላው። ሁለት ዓመት ሙሉ አብራው ቆሎ የቆረጠመችው ሰው። በመጠኑም ቢሆን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሏታል። የሚጠረጥር ሰው ጥርጣሬው እውነት ሲሆንለት ደስ ይለዋል።

ዓርብ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ከወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዘች። ሚስባህ እንዳያያት ሻሿን አጥብቃ ጠምጥማለች። ሲሪንቃን አልፈው መርሳ ሲደርሱ ባጃጅ ጠራች። ሹፌሩ ዞር ብሎ አያትና «የጦጣዋ መምህርት አይደለሽም እንዴ?» አላት። ሰላይነቷ እዚያው ላይ አበቃ።

እርሻው ዘንድ ስትደርስ አዛን ይሰማ ነበር። ጋሽ ኢስሐቅ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከልጆቻቸው ጋር ሲወጡ ከቅንጭቡ ጀርባ ሆና አየቻቸው። የጥበቃ ማማቸው ላይ ሰው አልቀረም። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ጦጣዎቹ ከወንዙ በኩል መጡ። ትልቁ ወንድ ዛፍ ጫፍ ወጥቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሌሎቹ ገቡ። እንግዲህ መምጣታቸውስ እውነት ነው።

ከአጥሩ ማዶ ጋሽ መልካሙ የራሳቸው ማማ ላይ ተቀምጠዋል። ወንጭፉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጦጣዎቹን አይተዋቸዋል፤ ሊዲያ ዓይናቸውን አይታለች። አንድ ጠጠር ቢወረውሩ ሁሉም ይበተን ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ጀርባቸውን ለጋሽ ኢስሐቅ እርሻ ሰጥተው ተቀመጡ። ሊዲያ ጦጣ ታውቃለች፤ ሰው ጀርባውን ሲሰጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባትም።

ጁምዓው ሲያበቃ ሚስባህ ኮፊያውን እንዳደረገ መጣ። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ከዛፍ ዛፍ እያጎነበሰ ንክሹን ለቀመ፤ መሬት ላይ ደረደረና ቆጠረ፤ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ሊዲያ ከተደበቀችበት ወጣች።

«ሊዲያ፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው። ስንት ሆነልህ?»

«ሰባ አንድ።»

ቁጢጥ ብላ እያንዳንዱን ፍሬ እያነሳች ቆጠረች። ሚስባህ ቆሞ አያት።

«ስንት ሆነልሽ?» አላት ስትጨርስ።

«ሰባ አንድ።»

«ሰባ አንድ እንዲሆን ነው የመጣሽው፣ ወይስ እንዳይሆን?»

ሊዲያ ስልኳን አውጥታ የገምጋሚውን ቃል በአማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። ስትጨርስ ሚስባህ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ውሸታም ነህ ነው የሚለኝ?»

«እንደዛ አላለም። ማብራሪያ ነው የጠየቀ።»

«እሱ አያውቀኝም፣ ይበል። አንቺስ?»

ሊዲያ ዓይኗን ወደ ፍሬዎቹ መለሰች። ሚስባህ ወደ ቤቱ ሄደና በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ደብተሮች ይዞ ተመለሰ። እጇ ላይ አኖራቸውና ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ደብተሮቹን በእጇ ይዛ አንብባቸው አታውቅም። ፎቶው ሲመጣላት ቁጥሩን ትገለብጣለች፤ ቀኑን ደግሞ መጽሔቱ የሚፈልገው የፈረንጅ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ይቀይርላታል። አሁን የጋሽ መልካሙን ገጾች ገለጠች። ኅዳር 12፣ ከፍተኛ። ኅዳር 21፣ ከፍተኛ። ታኅሣሥ 12። ታኅሣሥ 21። ጥር 12። ጥር 21። እናቷ ቤት በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ እየቀመሰች ያደገች ሰው ናት። ኅዳር 12 ሲቀየር ኖቬምበር 21 ይሆናል፤ ጥር 12 ሲቀየር ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ ሚካኤልም ማርያምም ሰንጠረዡ ውስጥ ጠፍተው ነበር። ያጠፋቻቸው ራሷ ናት።

«በዓል ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጋሽ መልካሙ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው። ጋሽ ኢስሐቅ ደግሞ ጁምዓ ሲሄዱ።»

«ጦጣ ባዶ ማማ ታውቃለች» አለ ሚስባህ። «አቆጣጠር አያስፈልጋትም።»

«እሑድስ? እሑድ ለምን አልጨመረም?» መጠርጠር መቼም አይለቃትም።

«እሑድ የጋሽ መልካሙ ልጅ ከሐራ ይመጣና ይጠብቃል።»

«እሺ፤ በመጀመሪያው ዓመትስ ሚካኤል አልነበረም?»

«ነበር። ያኔ ሰው ነበረ።»

ከዚያ ነገራት። የሁለቱ ሰዎች አባቶች የጀመሩት፣ ስም እንኳ ያልወጣለት ልማድ ነበር። በሚካኤልና በማርያም ጋሽ ኢስሐቅ ከማማቸው ሆነው የጋሽ መልካሙንም ይጠብቃሉ፤ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ጋሽ መልካሙ የጋሽ ኢስሐቅን። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም አያመሰግንም። በመጀመሪያው ዓመት ደብተሩ ላይ ምንም ያልታየው ለዚህ ነው። ካቻምና ክረምት ግን ተቋረጠ።

«ለምን?»

ሚስባህ በጣቱ መሬቱን ጫረ። «ያንን አልጻፍኩትም። ደብተሩ የጦጣ ነው።»

«ሚስባህ፣ ንገረኝ።»

«እኔን ከምትጠይቂ ራስሽን ጠይቂ።»

ያኔ ትዝ አላት፤ አሥራ አራተኛው ጥያቄ። «ከእንስሳት ሌላ ፍሬዎን ይወስዳል ብለው የሚጠረጥሩት ሰው አለ?» ጋሽ መልካሙ ስቀው «የለም» ነበር ያሉት። ሊዲያ ግን «የለም» በሚል መልስ የምትረካ ሰው አይደለችም። «በበዓል ቀን ማን ይጠብቅልዎታል?» አለቻቸው። «ኢስሐቅ ነዋ» አሉ። እሷም ፈገግ ብላ፣ መጠይቁ ላይ የሌለውን፣ ከራሷ ብልጠት የወጣውን ጨመረች፤ «እሳቸውንስ ማን ይጠብቃቸዋል?» የጋሽ መልካሙ ሳቅ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጋሽ ኢስሐቅን ጠየቀች። ወደ ከተማ ሲመለሱ ሚስባህ «ይሄ ጥያቄ ቢቀርስ» ብሏት ነበር። እሷም በማስታወሻዋ ላይ «ሚስባህ ጥያቄው አልተመቸውም፤ የሚደብቀው ይኖር ይሆን?» ብላ ጽፋለች።

«በሚቀጥለው ሚካኤል» አለ ሚስባህ፣ «ጋሽ መልካሙ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የታችኛውን ቅርንጫፍ ብርቱካን ቆጠሩ። ጋሽ ኢስሐቅ ከአጥሩ ማዶ ሲቆጥሩ አዩአቸው። በቃ። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።»

ሊዲያ በመጣችበት ሚኒባስ ተመለሰች። እፍረት ፊቷን አቃጥሎታል፤ መስኮቱን ከፍታ ንፋሱን ብትቀበልም አልበረደላትም።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል። መውጫም ነበራት። ስለ በዓላቱና ስለ ባዶው ማማ ጽፋ ስለ ጥያቄው ዝም ብትል ገምጋሚው ይረካ ነበር፤ ሚስባህ አይናገርም፤ መርሳ ላይ መጽሔቱን የሚያነብ የለም። ሁለት ቀን እንደዚያ አድርጋ ጻፈችው። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉን የሌላ ሰው ነው ብላ አነበበችው፤ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። «በሁለቱ ዓመታት መካከል ምን ተለወጠ? ይህች ሴትዮ የደበቀችው ነገር አለ» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠረጠረች።

የደኑን ድምዳሜ ሰረዘችው። አሥራ አራተኛውን ጥያቄ፣ ከራሷ የጨመረችውንም፣ ቃል በቃል አስገባችው፤ ለጉዳቱ መጨመር አንዱ ምክንያት አጥኚዋ ራሷ ናት ብላ ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ የሚስባህን ስም አኖረች። ዮናስ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ጽሑፍ ሳይሆን ንስሐ ነው። የዶክትሬቱ ሰውዬ ቢያየውስ?»

«ይየው» አለች። ፈርታ ግን ነበር።

ሁለት ቀን ሲቀር ላከችው። ግንቦት አጋማሽ ላይ መልሱ መጣ፤ ልዩ ዕትሙ ተቀብሎታል። ሁለተኛው ገምጋሚ የጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «አሁን አምኛለሁ።»

ለሚስባህ ደወለችለት። «ስምህ ይወጣል፣ ከስሜ ቀጥሎ» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ለፈረንጆቹ ነገርሻቸው፤ ጥሩ አደረግሽ። ለጋሽ መልካሙስ?»

ሊዲያ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ዓርብ መርሳ ወረደች፤ በዚህኛው ጊዜ ሻሽ አልጠመጠመችም። ጋሽ ኢስሐቅ ለጁምዓ ሲወጡ አጥሩ ጋ አገኘቻቸው። ጋሽ መልካሙ ማዶ ማማቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ወንዙ ነው። ሁለቱም እንዲሰሙ ጮክ ብላ ተናገረች። ያን ክረምት የጠየቀችው ጥያቄ ክፉ እንደነበር፣ ከመጠይቁ ውጭ ከራሷ ጨምራ እንደጠየቀች፣ ፍሬውን የነከሰው ጦጣ ብቻ እንደሆነ የሚስባህ ደብተር እንደሚመሰክር ነገረቻቸው። «ይቅር በሉኝ» አለች። «ዛሬ ማማው ላይ እኔ ልሁንልዎ። ወንጭፉን ይስጡኝና ሄደው ይስገዱ።»

ጋሽ ኢስሐቅ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«ጥሩ» አሉ። «አንቺንስ ማን ይጠብቅሻል?»

የገዛ ቃሏ ነበር። ሊዲያ አንገቷን ደፋች። ይገባታል፤ እንደሚገባትም ታውቃለች።

ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። ጋሽ መልካሙ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ወደ ወንዙ እንዳዩ ነው የተናገሩት።

«እኔ አለሁ። ሂድ አንተ፣ ጁምዓ እንዳያልፍህ።»

ጋሽ ኢስሐቅ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። አዛኑ አለቀ። ከዚያ ወንጭፋቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሊዲያ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን አለፏትና በጋሽ መልካሙ በኩል ባለው የአጥሩ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጋሽ መልካሙም ያኔ ነው የዞሩት።

ጦጣዎቹ መጡ። ሊዲያ የጋሽ ኢስሐቅ ማማ ላይ ወጥታ በእጇ አንድ ሁለት ጠጠር ወረወረች፤ አንዱ ከኋላዋ ወደቀ። ቀሪውን ጋሽ መልካሙ ጨረሱት።

ሚስባህ ከሶላት ሲመለስ ከዛፍ ዛፍ እያጎነበሰ ፈለገ። ንክሹን ሰብስቦ ደረደረና ደብተሩን አወጣ።

«አራት» አለ።

ሊዲያ ከማማው ወረደች። ፍሬዎቹ እግሯ ሥር ነበሩ። አልቆጠረቻቸውም።

«አራት ብለህ ጻፍ» አለችው።